ቤቲንግ ቤት መሄድ ትቷል፤ ታዲያ ብሩ የት ሄደ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎት ስለ ታላቅ ወንድሜ ነው። 29 ዓመቱ ነው። ሁለት ዓመት ያህል ከቤቲንግ ቤት አይጠፋም ነበር። ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ እዚያ ነው። ሰፈራችን ያለው ቤት ሲታሸግ ግን በጊዜ ቤት መግባት ጀመረ። እናታችን ‹ልጄ ተመለሰልኝ› ብላ ስለቷን አስገባች። ባለፈው ወር የእቁብ ብሯ ከስልኳ ላይ ጠፋ። ስናጣራ የወሰደው እሱ ነው። ለካ አልጋው ላይ ተኝቶ በስልኩ ይጫወት ኖሯል። በስልክ የሚቆምር ሰውና ቤቲንግ ቤት ሄዶ የሚቆምር ሰው አንድ ናቸው? ወይስ ወንድሜ ብሶበታል? ዕዳም አለበት። እንክፈልለት?»

መልስ፦ እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። በመጀመሪያ እናትሽን አትውቀሷት። ልጇ ማታ ቤት ሲገባ «ተሻለው» ማለቷ የማንም እናት ግምት ነው። እኔም በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት «አሁን እዚያ ቤት አልሄድም» ያሉኝን ሰዎች ደስ ብሎኝ ሸኝቻለሁ። አልዋሹኝም። እውነትም አይሄዱም ነበር። እኔ ነኝ «በስልክስ?» ብዬ ያልጠየቅኩት። ዛሬ የመጀመሪያ ጥያቄዬ እሱ ነው።

አጭሩ መልስ ይኼ ነው፤ በሽታው አንድ ነው፣ ፍሬኑ ግን ይለያያል።

በሽታ ያልኩት ለማባበል አይደለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ የቁማር ሕመምን ከአልኮልና ከዕፅ ሱስ ጋር አንድ ምዕራፍ ውስጥ አስገብቶታል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ አንድ ስም ሰጥቶ ከሥሩ ለሁለት ከፍሎታል። አንዱ በአብዛኛው በኢንተርኔት የሚቆመር ነው፤ ሌላው በአብዛኛው ከኢንተርኔት ውጭ። የአንቺን ጥያቄ እነሱም ጠይቀውታል ማለት ነው። ሁለት በሽታ ነው አላሉም። ግን የትኛው እንደሆነ ሳይመዘገብ አይታለፍ አሉ።

ለምን አይታለፍም? ቤቲንግ ቤቱን አስቢው። ሰውየው ጫማውን አድርጎ ከቤት ይወጣል። መንገድ ላይ የሚያውቀው ሰው ያገኘውና «ወዴት ነው?» ይለዋል። ሲደርስ ሰልፍ አለ። ኪሱ ገብቶ ብር ያወጣል፣ ይቆጥራል፣ ለካሸሯ ይሰጣል። እሷም ቀና ብላ ታየዋለች። ትኬቷ ከማሽኑ ስትወጣ ገና ሙቅ ናት። ከዚያ መጠበቅ ነው። የቅዳሜ የኳስ ጨዋታ ቅዳሜ ነው፤ ሲጀመርም 90 ደቂቃ አለው። ትኬቷ ከተቃጠለች፣ ማለትም ከተሸነፈ፣ ቀዶ መሬት ይጥላታል። መሬቱ በተቀደደ ትኬት ተሸፍኗል፤ ሲወጣ የሌሎቹንም እየረገጠ ነው። ኪሱ ባዶ ሲሆን ጨዋታው ያበቃል። ማታ ደግሞ ቤቱ ይዘጋል።

ማንም ለሰውየው ጤና አስቦ ያስቀመጣቸው ነገሮች አይደሉም። መንገዱም፣ ሰልፉም፣ የካሸሯ ዓይንም በአጋጣሚ የተገኙ ናቸው። ግን እያንዳንዱ ፍሬን ነው። እያንዳንዱ ለአፍታም ቢሆን «ልተወው ይሆን?» የምትል ቀዳዳ ይከፍታል።

አንድ ታካሚ ነበረኝ። ማንነቱ እንዳይለይ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። ቤቲንግ ቤት መሄድ የተወው አንዲት ካሸር «ደግሞ መጣህ?» ስላለችው ነው። ክፉ አስባ አልነበረም። እሱ ግን አፈረ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ብር አላስያዘም። በአራተኛው ሳምንት አፑን ስልኩ ላይ ጫነው። «ስልኬ ደግሞ መጣህ አይለኝም» አለኝ። ስለ ሁለቱ ልዩነት ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከሐኪምም አልሰማሁም።

ቤቲንግ ቤቱን ንጹሕ ላደርገው ፈልጌ አይደለም። እዚያም ቨርቹዋሉ፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚፈጠረው ጨዋታ፣ በየጥቂት ደቂቃው ይሽከረከራል። «ዛሬ ይቺን አትለፋት» የሚል ጓደኛ አጠገብህ ቆሟል። ብር ሲያልቅ እዚያው መበዳደር አለ። ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች በር ላይ ቆመው ኦድ (ያስያዙት ብር ሲያሸንፉ ስንት እጥፍ እንደሚሆን የሚነግረውን ቁጥር) ሲያወሩ በዓይኔ አይቻለሁ። ብዙዎቹ ታካሚዎቼ የጀመሩትም እዚያው ነው። ግን በሩ ነበረው፤ የሚዘጋ በር።

ስልኩ ላይ መጀመሪያ የሚጠፋው መጠበቅ ነው። እኔ ከሁሉም በላይ የምፈራው ፍጥነቱን ነው።

አቪዬተር የሚባለውን ጨዋታ ሳታውቂው አትቀሪም። ትንሿ አውሮፕላን ትነሳለች። ማባዣው 1.20፣ 1.50፣ 2 እያለ ይወጣል። ሳትጠፋ ካሽ አውት ካደረገ፣ ማለትም ብሩን ካወጣ፣ ያገኛል፤ ከጠፋችበት ተበላ። ብዙዎቹ ዙሮች በሰከንዶች ያልቃሉ። አምራቹ የሚያስተዋውቀው የተመላሽ መጠን 97 በመቶ ነው። ከመቶ ብር ሦስት ብር ብቻ ማጣት ማን ይጠላል? አሁን አብረን እናስላው። በየዙሩ 100 ብር ያስይዝ፤ በደቂቃ ሦስት ዙር ይጫወት። በአንድ ሰዓት 180 ዙር ነው። 18 ሺህ ብር አስይዟል ማለት ነው። ኪሱ ውስጥ 18 ሺህ ብር የለም፤ ያቺው ብር ናት ወጣ ገባ የምትለው። የ18 ሺህ 3 በመቶ 540 ብር ነው። በአንድ ሰዓት፣ ያውም በአማካይ። የ100 ብር ትኬት ቆርጦ ቅዳሜን የሚጠብቀው ሰው ግን በዚያ ትኬት ከ100 ብር በላይ ሊያጣ አይችልም።

ትኬቱም ቢሆን እንዳያታልልሽ። ቤቱ በአንድ ጨዋታ ላይ ከመቶ ብር 92ቱን ብቻ የሚመልስ ኦድ ሰጠ እንበል። አሥር ጨዋታ አንድ ላይ ሲታሰር፣ አንዱ ከተሳሳተ ሁሉም የሚበላበት ትኬት ማለት ነው፣ 92 በመቶው አሥር ጊዜ እርስ በርሱ ይባዛል። በአማካይ የሚመለሰው ወደ 43 ብር ይወርዳል። ብዙ ጨዋታ አስረው በትንሽ ብር ሀብታም ለመሆን የሚያስቡ ልጆች ይኼን ቢያዩት ደስ ይለኛል።

ይኼን ሒሳብ ለታካሚዎቼ በወረቀት እሠራላቸዋለሁ። የሚገርመው ብዙዎቹ አይደነግጡም። ያውቁታል። ስለዚህ ወንድምሽን ቁጭ አድርገሽ ሒሳብ ብታስተምሪው ለውጥ አትጠብቂ። የሚይዘው ነገር ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ቮልፍራም ሹልትዝ የተባለ ተመራማሪ በጦጣዎች ላይ ባደረገው ሥራ ዶፓሚን የተባለውን መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል የሚያመነጩት የአንጎል ሕዋሳት የሚነቃቁት በተለይ ባልተጠበቀ ሽልማት መሆኑን አሳይቷል። ሽልማቱ እርግጠኛ ሲሆን ይረጋጋሉ። ቁማር ደግሞ እርግጠኛ ያልሆነ ሽልማት ብቻ ነው የሚሸጠው። ሌላም አለ። ሉክ ክላርክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት «ለጥቂት አመለጠኝ» የምንለው ሽንፈት በአንጎል ውስጥ ማሸነፍ የሚቀሰቅሳቸውን አካባቢዎች ሲቀሰቅስ ታይቷል። የኛ ልጆች «አንዷ ጨዋታ አቃጠለችኝ» ይላሉ። ያ ሰው እንደተሸነፈ አይሰማውም። ሊያሸንፍ እንደቀረበ ነው የሚሰማው። ቤቲንግ ቤት ከሆነ ስሜቱ እስኪበርድ መንገዱ አለ፣ እንቅልፍ አለ፣ ነገ አለ። ስልኩ ላይ ከዚያ ስሜት እስከሚቀጥለው ዙር ድረስ አምስት ሰከንድ ነው። የጠፋውን ለማስመለስ መሮጥ የምንለው እዚህ ቦታ ይጀምራል፤ ሰውን የሚያጠፋውም እሱ ነው።

ሁለተኛው ብሩ ነው። አምስት መቶ ብር ከኪስ ማውጣትና «500» ብሎ መጻፍ ለእጃችን አንድ አይደለም። የሞባይል ገንዘብ ለሁላችንም ጠቅሞናል። እናቶቻችን ከክፍለ ሀገር የሚላክላቸውን ብር ሳይሰለፉ ይቀበላሉ። ቁማሩም በዚያው በር ገባ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደመወዝ ሲገባ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጫወቱታል። ያሸነፉት ደግሞ ወደ ኪስ አይመጣም። አካውንቱ ላይ ቁጥር ሆኖ ይቀመጣል። ቁጥር ሆኖ ሲቀመጥ ገና የጨዋታ ብር ነው፤ ሲነጋ የለም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 በክሬዲት ካርድ መቆመርን የከለከሉት ሰው በሌለው ብር እንዳይጫወት ነው። እኛ ጋ ክሬዲት ካርድ የለም ማለት ይቻላል። በስልክ ተጠይቀው በደቂቃ የሚሰጡ ጥቃቅን ብድሮች ግን አሉ። ታካሚዎቼ ዕዳቸውን ሲዘረዝሩልኝ ከጓደኛ ብድር ቀጥሎ የሚመጣው እሱ ነው።

ሦስተኛው ድብቅነቱ ነው። ጠጪ ይሸታል። ጫት ቃሚን ዓይኑ ያጋልጠዋል። በስልክ የሚቆምር ሰው ምንም አይሸትም። ብርድ ልብስ ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ሽንት ቤት፣ ስብሰባ ላይ ይጫወታል። አንዲት ባለትዳር «ሌላ ሴት ይዞ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ስልኩን ገልብጦ ያስቀምጣል። ሌሊት ብርሃኑ ይታያል። ስትጠጋ ያጠፋል። ስልኩን ስታስከፍተው ያገኘችው ትንሿን አውሮፕላን ነው። እንዲህ ስለሆነ ቤተሰብ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ቤቲንግ ቤት የሚውለውን ሰው ሰፈሩ በሁለተኛው ወር ያወራዋል። የስልኩን ሰው የሚያጋልጠው ብዙ ጊዜ ዕዳው ነው።

በዚህ የተነሳ ክሊኒክ የሚመጡት ሰዎችም ይለያያሉ። በሌሎች አገሮች፣ ለምሳሌ በእንግሊዝና በአውስትራሊያ፣ በኢንተርኔት የሚቆምሩት በዕድሜ ወጣት፣ በትምህርት ሻል ያሉና ሥራ ያላቸው ሆነው ይገኛሉ። እኔ ጋ የሚመጡትም ከዚህ ብዙ አይርቁም። የባንክ ሠራተኛ አለ፣ መምህር አለ፣ የጤና ባለሙያ አለ። ሴቶችም እየመጡ ነው። ቤቲንግ ቤት ደጃፍ ቆማ መታየት የማትፈልግ ሴት በቴሌግራም ካርቴላ መርጣ ቢንጎ ለመጫወት ማንንም አታፍርም። እሷን እናቷም፣ ባሏም፣ እኛ ሐኪሞችም «ቁማርተኛ» ብለን አንጠረጥርም። ስለዚህ ለብቻዋ ትታመማለች።

አራተኛው ከሁሉም ያናድደኛል። ቤቲንግ ቤቱ አንተ ብትቀር ደውሎ «ጠፋህ» አይልህም። አፑ ይልሃል። በምን ሰዓት እንደምትጫወት፣ ስንት ብር እንደምታስይዝ፣ ስትሸነፍ ምን እንደምታደርግ መዝግቧል። ሦስት ቀን ከጠፋህ ቦነስ ይዞ ስልክህ ላይ ይመጣል። ለመተው በሚታገል ሰው ላይ ይኼን ማድረግ ጭካኔ ነው።

ያው ቴክኖሎጂ ግን ለጥበቃም መዋል ይችላል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በኢንተርኔት ያለው የስሎት (ምስሎች የሚሽከረከሩበት የቁማር ማሽን) ጨዋታ አንዱ ዙር ከ2.5 ሰከንድ በታች እንዳይሆን አዛለች። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ በአንድ ዙር የሚያዘው ብር ከ5 ፓውንድ እንዳይበልጥ፣ ከ18 እስከ 24 ዓመት ላሉት ደግሞ ከ2 ፓውንድ እንዳያልፍ ወሰነች። የሚሠሩት በትክክል ያንን የጠፋውን ፍሬን መልሶ መግጠም ነው። እኛ ጋ ክርክሩ ሁልጊዜ «ይታሸግ ወይስ ይከፈት» ላይ ይቆማል። የሚታሸገው በር ነው፤ ስልክ በር የለውም። በጨዋታው ፍጥነትና በብሩ ጣሪያ ላይ ካልተነጋገርን የወንድምሽ ዓይነት ታሪክ ይደጋገማል።

አሁን አንድ ነገር ላስተካክል፤ እስካሁን ያልኩት በስልክ የነካካ ሁሉ ታሟል እንዳያስመስልብኝ። እ.ኤ.አ. በ2007 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በአንድ የአውሮፓ የስፖርት ውርርድ ድርጅት የተመዘገቡ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎችን ለስምንት ወር ያስያዙትን ብር ተከታትለው ነበር። የሰዎቹን ቃል ሳይሆን ትክክለኛውን መዝገብ ነው ያዩት። አብዛኞቹ አልፎ አልፎ፣ በትንሽ ብር ነው የሚጫወቱት። ከልክ ያለፉት ጥቂት ነበሩ። ሌሎች ጥናቶች ደግሞ የሚያሳዩት በኢንተርኔት ከሚቆምሩት መካከል የታመሙት ቁጥር ከፍ ቢልም እነዚህ ሰዎች በአብዛኛው ከኢንተርኔት ውጭም የሚጫወቱ፣ ያገኙትን የቁማር ዓይነት ሁሉ የሚሞክሩ መሆናቸውን ነው። ስለዚህ «የስልክ ቁማርተኛ» የሚባል ሌላ ዘር የለም። ታማሚው ሲጀመር ቤቲንግ ቤት የነበረው ሰው ሊሆን ይችላል፤ ስልኩ መንገዱን አሳጠረለት።

ወንድምሽም እንደዚያ ይመስለኛል። ሳላየው በእርግጠኝነት አልናገርም። ግን ሁለት ዓመት ቤቲንግ ቤት ከዋለ፣ ቤቱ ሲታሸግ ወደ ስልክ ከዞረ፣ አሁን ደግሞ የእናቱን የእቁብ ብር ከነካ፣ አዎ፣ ብሶበታል ማለት ይቻላል። የእቁብ ብር ለእናትሽ ምን ማለት እንደሆነ እሱም ያውቃል። ያንን እያወቀ መውሰዱ የፍቅር ማነስ ምልክት አይደለም። «ነገ አሸንፌ ሳታውቅ እመልሰዋለሁ» ብሎ ነው የወሰደው። እኔ ጋ የሚመጡት ሁሉ ከሞላ ጎደል ይህችኑ ዓረፍተ ነገር ይናገሯታል።

አሁን ምን ይደረግ?

ከሁሉ በፊት፣ ከብሩም በፊት፣ አንድ ነገር ጠይቂው። ብቻችሁን ሆናችሁ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ «ራስህን ማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» በይው። ከብዶሽ ይሆናል። ግን በቁማር ዕዳ ውስጥ ያሉ ሰዎች ላይ ይኼ ሐሳብ ብዙ ጊዜ ይመጣል፤ በጣም የሚያሰጋውም ልክ እንደ ወንድምሽ ነገሩ ቤተሰብ ፊት በወጣበት ሰሞን ነው። መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም። እንዲያውም ብዙዎቹ ሲጠየቁ እፎይ ይላሉ። «አዎ» ካለ ብቻውን አትተዉት። በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ ሌላ ከተማ ከሆናችሁ የሥነ አእምሮ ክፍል ያለው ሆስፒታል ይበቃል። እስከዚያው ቤት ውስጥ ያለ መድኃኒትና ፀረ ተባይ ከእጁ ይራቅ።

ከዚያ ፍሬኑን መልሱ፤ በእሱ ፈቃድ። በግድ ከሆነ በሌላ ሲም ይቀጥላል። አፑን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ በሁለት ደቂቃ ይመለሳል። አካውንቱ እንዲዘጋ ለድርጅቱ በጽሑፍ ይጠይቅ። ለተወሰነ ጊዜ አፕ የማይጭን ተራ ባለ ቁልፍ ስልክ መያዝ ከቻለ በጣም ይረዳዋል። አንዳንዶቹ ስድስት ወር ይዘው «እንቅልፌ ተመለሰ» ብለውኛል። ደመወዙ ሲገባ የቤት ኪራዩና የቤት ወጪው በዚያው ቀን ይውጣ፤ ለእሱ የታክሲና የምሳ በጥሬ ብር ይሰጠው። 29 ዓመት ለሞላው ወንድ ይኼ ያሳፍራል። ስለዚህ ቀኑ ይቆረጥለት፤ «ለሦስት ወር ነው፣ ከዚያ አብረን እናየዋለን» በሉት። ቅጣት እንዳይመስለው።

ሕክምናው በዋነኛነት ንግግር ነው። የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና የምንለው የተሻለ ማስረጃ አለው። ምን ሰዓት፣ ምን ስሜት ላይ ሆኖ፣ ምን ብሎ ለራሱ እንደሚያሳምን አብረን እንፈታለን። ናልትሬክሶን የሚባል መድኃኒት ለአንዳንዶቹ ጉጉቱን ይቀንሳል፤ ለሁሉም አይታዘዝም። ከሥሩ ድብርት ወይም መጠጥ ካለ እሱም አብሮ ይታከማል። (ለሌሎች አንባቢዎች፦ ለፓርኪንሰን (ሰውነትን ለሚያንቀጠቅጠው የነርቭ ሕመም) የሚሰጡ እንደ ፕራሚፔክሶል ያሉ መድኃኒቶች በአንዳንድ ሰው ላይ ድንገተኛ የቁማር ፍላጎት ያመጣሉ። አባታችሁ መድኃኒቱን ከጀመሩ በኋላ ሎተሪና ቤቲንግ ካበዙ ለሐኪማቸው ንገሩ፤ መድኃኒቱን ግን ራሳችሁ አታቋርጡ።)

ወደ ዕዳው። ለወንድምሽ እጅ ብር አትስጡ። ዕዳውን በሙሉ በአንድ ቀን መክፈልም አልመክርም። ዕዳው ሲጸዳ ጭንቀቱ ይጠፋል፤ ጭንቀቱ ሲጠፋ «አሁን ከዜሮ ጀመርኩ» ይላል፤ በወሩ ስልኩ ላይ ነው። ይኼን ደጋግሜ አይቻለሁ። ይልቅ አንድ ወረቀት ላይ ሁሉንም ይጻፍ። ለማን፣ ስንት፣ መቼ። ትንሽ ደብቆ መጀመሩ የተለመደ ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ሁለት ስም ይጨምራል። አትቆጡት፤ መጨመሩ ጥሩ ምልክት ነው። ወለድ የሚቆጥረውንና ለአደጋ የሚያጋልጠውን አስቀድሙ። ሌላው ከራሱ ደመወዝ፣ በየወሩ፣ በአንቺ በኩል በቀጥታ ለአበዳሪው ይከፈል። ማናችሁም ለአዲስ ብድር ዋስ እንዳትሆኑ።

የእናትሽን ብር ግን ለብቻው ያዙት። የእቁቡ ዙር አያልፍባትም፤ ዳኛውና አባላቱ ይጠብቋታል። ቤተሰቡ ቢችል አሁን ይሙላላት። እሱ ደግሞ ለእሷ፣ በእጇ፣ በየወሩ ትንሽም ብትሆን ይመልስ። ሁለት መቶ ብርም ትሁን። እሷ «ተወው ልጄ፣ ይቅር» ማለቷ አይቀርም። አስቀድመሽ ንገሪያት፤ ትቀበለው። ዛሬ ማታም የስልኳን የገንዘብ ሚስጥር ቁጥር አብራችሁ ቀይሩ። ክሊኒክ ስትመጡ የሦስት ወር የገንዘብ እንቅስቃሴውን አሳትማችሁ ይዛችሁ ኑ። እሱ ራሱ ይያዘው፤ እኔም ከእሱ እጅ ነው የምቀበለው።